የእምነት እኩልነት ከሥራ ክብር ተነጥሎ አይቆምም

በሃይማኖቶች መካከል ስለሚደረግ ውይይት ሲነሳ በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ቄሱ፣ ሼኁና ፓስተሩ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ሰላም ሲናገሩ ነው። ይህን አንነቅፍም። ይሁን እንጂ ጥያቄው በእውነት የሚፈተነው በአዳራሽ ሳይሆን እንደ ጉለሌው ቀጨኔ ባለ ሰፈር፣ በዕድር ድንኳን ሥር ነው እንላለን።

ቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎችና የሸማኔዎች ሰፈር ነው። ከባለእጆቹ መካከል የዘር ሐረጋቸውን ከቤተ እስራኤል የሚቆጥሩ፣ በአደባባይ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሆነው እየታዩ ቅዳሜን በምስጢር ሲያከብሩ የኖሩ ወገኖች አሉ። ምስጢሩ ለምን አስፈለገ? መልሱን ከሃይማኖት ክርክር ይልቅ በመሬት ሥሪቱ ውስጥ እናገኘዋለን። በ15ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ መከልከላቸው ይወሳል። ርስት የተነፈገው ወገን ወደ ጭቃው፣ ወደ ብረቱና ወደ ሸማው ዞረ። ባለርስቱም ማረሻውን ከአንጥረኛው፣ ምጣዱን ከሸክላ ሠሪዋ እየወሰደ ሁለቱንም «ቡዳ» አላቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብሎም አስወራ። እንዲህ የእምነት ልዩነትና የሥራ ንቀት በአንድ ገመድ ተገመዱ። የክርስትና እምነቱ ፍጹም የሆነው ባለእጅ እንኳ ከዚህ ስድብ አላመለጠም።

አዋጅ አልጎደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አውጀዋል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለሃይማኖት እኩልነት በተሰለፉ ጊዜ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል፤ በዚያው ዓመት ማግሥት የሙስሊሞች በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆነው ታወቁ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ከሥሩ ነቀለ። እኩልነትን ያወጀው ያው መንግሥት ግን በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስንና ቄስ ጉዲና ቱምሳን ገደለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 27 የእምነትን ነፃነት ደንግጓል። ርስቱ ቀረ፤ ስድቡ ግን ባለርስት ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ከቀጨኔ ወጣቶች አንዳንዶቹ እምነታቸውን በግልጽ ይናገራሉ። ሽማግሌዎቹ ይሰጋሉ፤ ስጋታቸውንም ኋላ ቀርነት ብለን ልናጣጥለው አይገባም፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዝምታ ተከልለው ነው። ስለዚህ ውይይቱን የመጀመር ኃላፊነት የብዙኃኑ ነው። መልሱን የሚፈራውን ሰው «ና እንነጋገር» ማለት ብቻ ግብዣ አይሆንም። «መቻቻል» የሚለው ቃልም፣ በነገራችን ላይ፣ ብዙ አያስደስተን፤ የሚቻለው ሸክም ነውና። ከቀጨኔ የወጣው ጀበና በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት ቡና ሲያፈላ ማን ማንን ተሸከመ ሊባል ነው?

የዕድር አባላትና ሠራተኞች ሆይ፣ ሥራው በእጃችሁ ነው። ቅዳሜን የሚያከብር አባል በዚያ ቀን ድንኳን እንዲተክል ይገደዳልን? እምነቱን የገለጠ አባል ሲሞት የት ይቀበራል? ማንስ ይሸኘዋል? እነዚህ ጥያቄዎች በሹክሹክታ ከሚያልፉ በጠቅላላ ጉባኤ ይቅረቡ፤ በቅድሚያም ጉዳዩ የሚመለከታቸው ይናገሩ። መተዳደሪያ ደንቡም ይመርመር። ከቀብር የቀረውን አባል በገንዘብ የሚቀጣ ዕድር፣ ጎረቤቱን «ቡዳ» ብሎ የሰደበውን በነፃ የሚያልፍበት አንዳች ምክንያት አይታየንም።