የምንከፍለው ለውስኪው ነው ለበርሜሉ?

ሰሞኑን አንድ ወዳጃችን በሮም በርሜል «የተጠናቀቀ» የአሜሪካ ራይ ውስኪ ይዞ መጣ። ዋጋው? 90 ዶላር! ቀዳን፣ አሸተትን፣ ቀመስን። ቡናማ ስኳር፣ ቫኒላ፣ የበሰለ ሙዝ። ይጣፍጣል፣ አንክድም። ራዩ ግን የት ገባ?

በአሜሪካ ሕግ ራይ ለመባል ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው ራይ መሆን፣ ውስኪውም ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል መቀመጥ አለበት። ያ ምላስ ላይ በርበሬ በርበሬ የሚለው ጠባዩ ከእህሉ ነው። እሱን ሮም በጠጣ በርሜል አለስልሶ በሦስት እጥፍ መሸጥ ምን ይባላል? ጌሾውን ቀንሶ ብርዝን በጠጅ ዋጋ መሸጥ ነዋ!

«ለስላሳ ነው» ይሉናል። ለስላሳ የፈለገ ሮሙን ራሱን ይግዛ፤ ይረክሳል።

እስቲ ሪተንሃውስን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1897 በወጣው ሕግ መሠረት ቢያንስ 4 ዓመት የቆየ፣ 50 በመቶ አልኮል፣ ዋጋውም የዚያኛው ሲሶ ገደማ። ጎን ለጎን ቀዳናቸው። በመጀመሪያው ብርጭቆ የሮሙ አሸነፈ (እውነቱን እንናገር)። በሁለተኛው ሰለቸን። የሪተንሃውሱ ጠርሙስ ያን ማታ አለቀ፤ የ90 ዶላሩ እስካሁን ከግማሽ በላይ አለ።