የጥለቱ ባለቤት ማን ነው?



በልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ሌሊት ሌሊት የሚሰማውን ድምፅ አንድ በአንድ ለይቶ ያውቃል። ከታች የውሃው ሞተር፣ ከጎን የሕፃን ልቅሶ፣ ከደረጃው ደግሞ አምሽቶ የሚገባ ጎረቤት ኮቴ ይሰማል። ከእኛ ቤት በላይ ግን ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የሚጀምር ሌላ ድምፅ አለ፤ የልብስ ስፌት መኪና ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ ቢነሣኝ ላማርር ወጣሁ። ቡና ጠጥቼ ተመለስሁ።

ባለ መኪናዋ የሁለት ልጆች እናት ስትሆን ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሥራ ትውላለች። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ልጆች ሒሳብ የሚሠሩበትን ባለ ሳጥን ደብተር ትዘረጋና ጥለት ትሥላለች። እያንዳንዱ ሳጥን ቀለም ያለው ክር የሚገባበትን ቦታ ያመለክታል። የሣለችውን ይዛ ሽሮ ሜዳ ላለው ሸማኔዋ ትወስዳለች፤ ሸማው ተሠርቶ ሲመጣም እቤቷ ቀድዳና ሰፍታ፣ ለሠርግ፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ላዘዟት ሰዎች ታስረክባለች። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከዚሁ ነው።

አምና ከፋሲካ በፊት ክር ልትገዛ መርካቶ ወርዳ ሳለች አንድ መደብር ደጃፍ ላይ የተሰቀለ ርካሽ ቀሚስ አየች። ጥለቱ በእጅ የተሠራ ሳይሆን በፋብሪካ ጨርቅ ላይ የታተመ ነው። ቀረብ ብላ ብትመለከተው የራሷ ጥለት ሆኖ አገኘችው። እንዴት አወቀች ብትሉኝ፣ ያን ጥለት በሣለችበት ሌሊት እንቅልፍ አሸንፏት በመስቀሉ ግራ ክንድ ላይ አንድ ሳጥን ዘላ ነበር፤ ስሕተቱም ከነመልኩ ታትሟል። አንዷ ደንበኛ በስልክ ያነሣችው ፎቶግራፍ በቴሌግራም ሲዘዋወር ደርሶ ይሆናል እንጂ ሌላ መንገድ አይታያትም። «ልጄን ሌላ ሰው አዝሏት ሲሄድ ያየሁ መሰለኝ» አለችኝ። ቀጥላም «ማንን ልክሰስ? ለመሆኑ ጥለት ባለቤት አለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

በዚህ ሳምንት ዓምዳችን ላነሣው የወደድሁት ይህንኑ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ስለ ፈጠራ ኢንዱስትሪ በየስብሰባው ብዙ ይነገራል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. 2021ን የፈጠራ ኢኮኖሚ ዓለም አቀፍ ዓመት አድርጎ ሰይሞት ነበር፤ አገራችንም የባህል መገለጫዎችን ብዝኃነት ስለ መጠበቅና ስለ ማበልጸግ የወጣውን የዩኔስኮ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2008 አጽድቃለች። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህች እናት ያላት ሀብት ምንድን ነው? መሬት የላትም፤ የፋብሪካ ድርሻም የላትም። ያላት በደብተሩ ላይ ያለው አሳብ ነው። አሳቡ የእርሷ መሆኑ በወረቀት ካልታወቀ አበዳሪም ገዢም ምኑን ይዞ ገንዘቡን ያወጣል?

ሕጉ አለ፤ ያውም ዛሬ የተወለደ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 የፈጠራ ሥራን፣ አነስተኛ ፈጠራንና የኢንዱስትሪ ንድፍን ይመለከታል። ስሙ ፋብሪካ ፋብሪካ ቢሸትም «የኢንዱስትሪ ንድፍ» የሚባለው የዕቃ መልክ ነውና ጨርቅ ላይ የሚወጣ አዲስ ጥለት፣ የጌጥ ቅርጽ፣ የሸክላ ዕቃ አሠራር ሁሉ ከዚሁ ሊገባ ይችላል። የተመዘገበ ንድፍ ለ5 ዓመት ይጠበቃል፤ ሁለት ጊዜ እየታደሰም እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አዲስ መሆኑ ዋና መመዘኛ ስለ ሆነ ግን ሥራው ገበያ ወጥቶ ከሰነበተ በኋላ ለማስመዝገብ መሮጥ ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም። ጎረቤቴም የዘገየችው እዚህ ላይ ነበር።

አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ከእናት ከአያት የወረስነውን ጥለት «የእኔ ነው» ብላችሁ ብታስመዘግቡ አያስኬድም፤ ባይሆንም ደግ ነው፤ የሁላችንም ነውና። ሊመዘገብ የሚችለው እናንተ የጨመራችሁት አዲስ አቀራረብ ነው። ከዚህ ሌላ ወረቀቱ ላይ ያረፈው ሥዕል በራሱ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ይጠበቃል። ይህ መብት ምዝገባ አይጠይቅም፤ ሥራው እንደ ተሠራ ይጀምርና የሠሪውን ዕድሜ ዘልቆ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። የሚሸጡበት የንግድ ስምና ምልክት ካላችሁ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ተመዝግቦ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል።

የስም ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋ ጨፌን ቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሥቶ ከትልቁ የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ብዙ ሲከራከር ቆይቶ በ2007 ተስማምቷል። ክርክሩ ስለ ቡናው ፍሬ አልነበረም፤ ስለ ስሙ ነበር። አገር ስለ ስሟ ይህን ያህል ከደከመች እናት ስለ ጥለቷ ብትደክም አይበዛባትም።

ታዲያ «ሕጉ ካለ ምን ጎደለ?» ትሉ ይሆናል። የጎደለው ቅርበት ነው። የሥራ ፈቃድ ለማውጣት ወረዳችን ባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት እንሄዳለን፤ እዚያው መስኮት ላይ «የሣልሽው ንድፍ አለ ወይ? አስመዝግበሽዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ስንት ሥራ ከመሰረቅ ይድን ነበር! እንዲሁም መብቷ የተነካባት እናት ጠበቃ ቀጥራ ለወራት ፍርድ ቤት መመላለስ አትችልም። የልደታው ፍርድ ቤት ለቤቷ የቅርብ ጎረቤት ነው፤ ግን ከቢሮ ፈቃድ ጠይቃ፣ ልጅ የሚጠብቅላት ፈልጋ፣ ገንዘብ ከፍላ የምትደርስበት ሩቅ አገር ነው። ፖሊሲ የሚያወጡ ሰዎች ይህን በዓይናቸው ቢያዩት እወዳለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ጎረቤቴ ከኪሳራዋ ለመነሣት ብድር ጠይቃ ነበር። አበዳሪው የጠየቃት የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ነው። ቤቱ ገና የኮንዶሚኒየም ዕዳው አላለቀም፤ መኪና ብትሉ ያላት የስፌት መኪና ነው። ቀልድ አይደለም፤ ሕጉ ይህንንም መኪና አስቦታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ቤትና መሬት የሌለው ሰው ማሽኑን፣ ዕቃውንና የመሳሰለውን ንብረቱን በዋስትና አስመዝግቦ እንዲበደር በር ከፍቷል። በሩ መከፈቱን የማያውቁ ወይም እያወቁ ካርታ የሚሻላቸው አበዳሪዎች አሉ። ስለዚህ ስትሄዱ የአዋጁን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፤ ቁጥር የሚጠራ ሰው በቶሎ አይሸኝም።

ካርታ ለሌላት ሴት ሁለተኛው የታወቀ መንገድ የቡድን ብድር ነው። አነስተኛ የብድር ተቋማት ሴቶችን አደራጅተው በጠለፋ ዋስትና፣ ማለትም አንዷ ለሌላዋ ዋስ ሆና፣ ሲያበድሩ ቆይተዋል። ለጉልት ንግድና ለባልትና ብዙ ሰው ጠቅሟል። ለንድፍ ሥራ ግን ይጠብባል፤ ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ አምስት ሴቶችም አንድ ዓይነት አሳብ አይሥሉም። ይህን ክፍተት አይቶ የተነሣው በዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጣሪነት ልማት ፕሮጀክት ነው። ገንዘቡ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለአነስተኛ የብድር ተቋማት እየተላለፈ ሴቲቱ በቡድን ሳይሆን በግሏ፣ ከቡድን ብድር ከፍ ያለ ገንዘብ እንድትበደር አድርጓል፤ ሥልጠናም ነበረበት። ሴቶች ሲታመኑ እንደሚከፍሉም በዚሁ ታይቷል።

የክፍያው ጊዜ ግን እኔን ያሳስበኛል። የሸማ ሥራ ወቅት አለው። ድርና ማጉ የሚገዛው፣ ሸማኔው ቀብድ የሚበላው ከበዓሉ ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው፤ ገንዘቡ የሚመለሰው የበዓሉ ሳምንት ነው። ብድሩ ግን ከተወሰደ ማግሥት ጀምሮ በየወሩ ይከፈል ይባላል። ለገበሬ ክፍያው ከመከር በኋላ እንዲሆን የሚያስብ ሰው የሸማም መከር ጥምቀትና ፋሲካ መሆኑን ለምን አያስብም?

የትዳር ጓደኛ ፊርማም አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ሆነ ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን ባልና ሚስት እንዲስማሙ ያዛል። በዛሬ ዋጋ 500 ብር ደህና ነጠላ እንኳ አይገዛም! በጠለፋ ዋስትና አምስት ሴቶች ሲሰባሰቡ አምስት ባሎችም አብረው ተሰበሰቡ ማለት ነው። ሕጉ ትዳርን ለመጠበቅ የወጣ ስለ ሆነ አልቃወመውም፤ ባልም ሲበደር እኮ የሚስቱን ስምምነት ይጠይቃል። ነገር ግን ጉዳዩን ለባለቤታችሁ በብድሩ ቀን ሳይሆን ሥራውን ስትጀምሩ አስረዱት፤ ደብተሩን አሳዩት፤ ወጪና ገቢውን አብራችሁ ቁጠሩ። የጎረቤቴ ባለቤት ደብተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ጥለቱ ከተሰረቀ በኋላ ነው።

የቦታው ነገር አጭር ነው። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ነው የሚሠራው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈርም። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የድሮው የልደታ ሰፈር ፈርሶ በፎቅ ሲተካ ብዙ ሰው ደህና ቤት አግኝቷል፤ ፈትል የሚፈተልበት፣ ጥጥ የሚሰጣበት የጋራ ግቢ ግን አብሮ ሄዷል። የምድር ቤቶቹ ሱቆች በጨረታ የተሸጡ ስለ ሆነ ለስፌት ሴት አይቀመሱም። እዚሁ ሜክሲኮ አጠገብ ያለው ተግባረ ዕድ ስሙ ራሱ «የእጅ ሥራ» ማለት ነው። በዚያ አካባቢ ለእጅ ባለሙያዎች በኪራይ የሚሰጥ አንድ የጋራ መሥሪያ ቤት ቢኖር ስሙም ሥራውም በተስማሙ።

አንድ አሳብ ገበያ ድረስ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ያሳየችን የከተማችን ልጅ ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን ናት። በ1997 ዓ.ም. በዘነበወርቅ ሰፈር በጥቂት ሠራተኞችና ከቤተሰብ በተገኘ ገንዘብ ጫማ መሥራት ጀመረች። ሶሉ ሁላችንም የምናውቀው የአሮጌ ጎማ ነው፤ የእርሷ ሥራ መልክና ስም ማውጣቱ ነበር። «ሶልሬብልስ» የተባለው ያ ጫማ በውጭ አገር ገበያ ተሽጧል። ዘመድ ገንዘብ ባይኖረውስ ኖሮ? እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ይህን ነው።

በመጨረሻ ሳልናገር የማላልፈው ስለ ሸማኔው ነው። ጎረቤቴ «ጥለቴ» ስትል ሰምቼ «ሸማኔሽስ?» አልኋት። ዝም አለች። ደብተር ላይ ያለ ሳጥን ድር ላይ ሲወጣ ሁልጊዜ እንደ ተሣለ አይወጣም፤ ሸማኔው ቀለም ያሸጋሽጋል፣ መስመር ይጨምራል፣ አልፎ አልፎም ያሳምረዋል። ስለዚህ ስምምነታችሁ በጽሑፍ ይሁን። ጥለቱን ለሌላ እንዳይሠራ እርሱ ይፈርም፤ ጥለቱ በተደጋገመ ቁጥር ከትርፉ የሚደርሰውን እናንተ ፈርሙ። እናንተን ያስቆጣ በደል በሌላው ላይ እንዳይደርስ አስቡበት።

ጎረቤቴ መኪናዋን ልትሸጥ አስባ ነበር፤ ለጊዜው ትታዋለች። አሁን በደብተሩ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ታደርጋለች፤ ለእንቁጣጣሽ ያሰበችውንም አዲስ ጥለት ለማንም ሳታሳይ በመጪው ማክሰኞ ወስዳ ልታስመዘግብ ባለቤቷ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ አብሯት ይሄዳል። ሸማኔዋም አብሮ እንዲመጣ ልካበታለች፤ እስከ ትናንት ማታ መልሱ አልደረሳትም ነበር። መኪናው ግን ከአራት ሰዓት ጀምሮ ሲሠራ አመሸ።