«ለጊዜው» የተደገፈ ወንበር

ዛሬ ስለ ወንበር ላወራችሁ ነው። አይዟችሁ፣ ስለዚያኛው ወንበር አይደለም። ሁለት ሐበሻ ቡና ላይ በተገናኘ ቁጥር ማን ወጣበት፣ ማን ወረደበት፣ ማን ሙጭጭ አለበት እየተባለ ስለሚተነተነው ወንበር ሌሎች ይጻፉ። የዛሬው ጨዋታችን እኛው ራሳችን በየቀኑ ስለምንወጣበትና ስለምንወርድበት፣ ማንም ስለማይሻማን ወንበር ነው፤ ስለ መኪናችን የሾፌር ወንበር።

እዚህ ሮዘተንቪል በየደጁ የቆሙትን የወገን መኪናዎች ጠጋ ብሎ ላስተዋለ ሰው፣ ወንበሩ ራሱን የቻለ ሙዚየም ነው። አንዱ ከሥሩ ጡብ ተሸጉጦበታል። አንዱ መደገፊያው ወደ ኋላ እንዳይወድቅ የቢራ ሣጥን ከጀርባው ቆሞለታል። ሌላው በገመድ ከኋላ ወንበር ጋር ተጠፍሯል። ሞላው ወጥቶ የሱሪ ጠላት የሆነበት ደግሞ ብርድ ልብስ አጥፎ፣ በላዩ ትራስ ደርቦ፣ እንደ ባላባት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የሚገርመው ሞተሩ ደህና ነው። ጎማው አዲስ ነው። ቴፑም ከሩቅ ይሰማል። የተረሳው ሰውየው የተቀመጠበት ነገር ብቻ ነው።

ምክንያቱ አይጠፋንም። ሞተር ሲበላሽ መኪናዋ ትቆማለች፤ መኪናዋ ስትቆም ገበያው ይቆማል፤ ገበያው ሲቆም የቤት ኪራዩም፣ እቁቡም፣ አገር ቤት የሚላከውም ይቆማል። ወንበር ሲበላሽ ግን መኪናዋ ትሄዳለች። ስለዚህ ወንበሩ ሁልጊዜ ከወረፋው መጨረሻ ላይ ነው፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነገር ይበላሽና ወደ ኋላ ይመለሳል።

ደግሞም «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» እንዲሉ አብዛኞቻችን መኪናዋን ያገባናት ከነሕመሟ ነው። በኛ ሰፈር የሚበዙት እነማን ናቸው? ቶዮታ ታዝና ሲቲ ጎልፍ። ታዝ እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ከ1996 እስከ 2006 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው)፣ ሲቲ ጎልፍ ደግሞ ከ1984 እስከ 2009 ተሠርተው ቀርተዋል። እንግዲህ ታናሿ እንኳን ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ አልፏታል። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንትና ስንት ሰው ተቀምጦባታል! አገር ቤትም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። በ2020 በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባት እጅግ ውድ ሆነ፤ በ2024 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። ያለው ሰው ያለችውን አሮጌ መኪና ሙጥኝ ብሎ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ እየፈለገ ያኖራታል።

ነገር ግን በሁለቱ አገሮች መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። አገር ቤት መኪና በየዓመቱ ምርመራ ታልፋለች፤ ቦሎ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ግን የግል መኪና ዲስኳን በየዓመቱ የምታድሰው ገንዘብ ከፍላ ብቻ ነው። የብቃት ምርመራ የምትጠየቀው ባለቤት ስትቀይር ነው፤ የምታገኘው ወረቀትም የሚያገለግለው 60 ቀን ነው። በየዓመቱ የሚመረመሩት ታክሲውና የጭነቱ ናቸው። ስለዚህ ወንበሩ የተሰበረበት ሰው መኪናዋን እስካልሸጣት ድረስ ዓመት ቢቆጠር «ይህ ምንድነው?» የሚለው አይመጣበትም። ጠያቂው ራሱ ካልሆነ ማንም የለም ማለት ነው።

ጀፒ ስትሪት ዕቃ ጭኖ ወደ ፖሎክዋኔ የሚመላለስ አንድ ወጣት አውቃለሁ። መንገዱ ሲሄድ ብቻ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መደገፊያውን የያዘለት ከኋላው የደረደረው ካርቶን ነው።

«ወንድሜ፣ ይቺን ወንበር ለምን አታሠራትም?» አልኩት።

«ይተዉት ጋሼ፣ ለጊዜው ነው።»

«ለጊዜው ካልክ ስንት ጊዜ ሆነው?»

ትንሽ አሰበና «ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ካርቶኑ ሲሸጥ መደገፊያውም አብሮ እንደሚሸጥ ግን ልብ ያለው አልመሰለኝም። ሲመለስ ባዶውን ነው የሚመጣው።

ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። የሾፌር ወንበር ለምቾት የተሠራ ሶፋ አይደለም። ሰውን ከፍሬን፣ ከፍሪሲዮንና ከመሪ በልኩ አቅርቦ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ በአራት ብሎኖች ከወለሉ ጋር ይታሠራል። ከብሎኖቹ በላይ ሁለት ሃዲዶች አሉ፤ ወንበሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደው በነሱ ላይ ነው። ከሥር ያለችውን እጀታ ስንለቃት በሞላ የሚገፋ ጥርስ ሃዲዱ ውስጥ ገብቶ ይቆልፋል። በጎኑ ደግሞ መደገፊያውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ሌላ ባለ ጥርስ መቆለፊያ አለ።

የሃዲዱ ጥርስ ሲበላ ምን ይሆናል? ፍሬን ሲያዝ ወንበሩ ከነሰውየው ወደ መሪው ይንሸራተታል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሰጥተን ስንነሳ ደግሞ ወደ ኋላ ያመልጣል። ያን ጊዜ እግር ከፍሬን ይርቃል፤ እጅ ደግሞ እንዳይወድቅ ሲል የያዘውን መሪ ይጎትታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ትጓዛለች። እግር ፍሬኑን እስኪፈልግ ድረስ ሁለት ሰከንድ ቢያልፍ ከ30 ሜትር በላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሮቦቱ ጨለማ በሆነበት መስቀለኛ መንገድ ላይ 30 ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ጆሐንስበርግ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል።

«እኔ ቀበቶ አስራለሁ» የሚል አይጠፋም። ቀበቶ ትልቅ ነገር ነው። በ1959 ኒልስ ቦህሊን የተባለው ስዊድናዊ መሐንዲስ ለቮልቮ የሠራው ባለ ሦስት ማሰሪያ ቀበቶ የስንቱን ሕይወት አትርፏል። ቀበቶው ግን የሚሠራው ሰውየው ቀጥ ብሎ፣ ወንበሩም ባለበት ረግቶ ከተቀመጠ ነው። መደገፊያው ወደ ኋላ ከተኛ ገላ ከቀበቶው ሥር ይሾልካል። በብዙ መኪናዎች ላይ ደግሞ የቀበቶው መሰኪያ የታሠረው ከወንበሩ ጋር ነውና፣ ወንበሩ ከተነቀለ ቀበቶውም አብሮ ይነቀላል።

ከኋላ ለሚመጣ ግጭት ደግሞ ሰውን የሚይዘው መደገፊያው ብቻ ነው፤ ቀበቶ ለዚያ ብዙም አይረዳም። አሜሪካ ስለ ወንበር ጥንካሬ ያወጣችው ደንብ ከ1968 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ወንበሩ የራሱን ክብደት ሃያ እጥፍ የሚሆን ጉልበት እንዲችል ያዛል። ይህ ሁሉ ሆኖ ደንቡ ላላ፣ መደገፊያው ወደ ኋላ እየተሰበረ ከኋላ የተቀመጡ ሕፃናትን ጭምር ይጎዳል የሚል ክስ ስለበዛበት፣ በ2021 የወጣ ሕግ የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደንቡን እንደገና ወደ ማየት እንዲገባ አዟል። ልብ በሉ፤ እነሱ የሚከራከሩት ከፋብሪካ በወጣ በጤነኛ ወንበር ላይ ነው። በቢራ ሣጥን የቆመውን ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን?

የኛ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ከጀርባው ዕቃ ይጭናል። ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ፣ ጫማው እስከ ጣሪያ ይደረደራል። ፍሬን ሲያዝ ያ ሁሉ ክብደት የሚመጣው ወደ መደገፊያው ነው። ጤነኛ ወንበር እንኳን የሚከብደውን፣ ጥርሱ ያለቀ ወንበር እንዴት ይችለዋል? የታመመ ወንበር ያለው ሰው እስኪያሠራው ድረስ ቢያንስ ከባድ ከባዱን ዕቃ ከወለሉ ላይ ያድርግ፤ በገመድም ይሠረው።

እንግዲህ የወንበር ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። ስፖንጁ መተኛቱ፣ ልብሱ መቀደዱ፣ የበሩ በኩል ጠርዝ መጨፍለቁ ሊቆይ ይችላል። እዚህ አገር መሪው በቀኝ ስለሆነ የሚያልቀው የቀኙ ጠርዝ ነው፤ ሹፌሩ በወጣና በገባ ቁጥር በሱ ላይ ነው የሚያልፈው። ይህ ወገብ ያጣምማል፣ እግር ያደነዝዛል፤ የሚቀመጥበትን ሰው ቀስ በቀስ ይጎዳል እንጂ በድንገት አይጥለውም። ሦስቱ ግን ለነገ አይባሉም፤ የማይቆልፍ ሃዲድ፣ የማይቆም መደገፊያ፣ እንዲሁም የተሰነጠቀ ብረት ወይም ዝገት የበላው ወለል።

ለማወቅ ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። መኪናዋን አቁሙና የእጅ ፍሬኑን ያዙ። ወንበሩ ላይ ተቀምጣችሁ እጀታውን ሳትነኩ በእግራችሁ ወለሉን እየገፋችሁ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሞክሩ። ከተንቀሳቀሰ አልቆለፈም፤ የሁለቱም ሃዲድ ጥርስ መግባት አለበት። ቀጥሎ በጀርባችሁ መደገፊያውን ግፉት፤ «ቋ» ብሎ አንድ ጥርስ ከዘለለ አለቀለት። ከዚያ ምንጣፉን ገልጣችሁ አራቱን ብሎኖች እዩ። ዙሪያው ላሜራው ቡን ቡን ካለ ችግሩ ወንበሩ ሳይሆን ወለሉ ነው።

ወደ ማሠራቱ ስንመጣ፣ ጥርሱ ያለቀን ሃዲድ ወይም መቆለፊያ ከመበየድ ይልቅ ከስክራፕ ያርድ ሙሉ ወንበር መግዛት ይሻላል። የሚገዛው ከነሃዲዱ ነው። ሞዴሉና ዓመቱ ይመሳሰል። የባለ ሁለት በር መኪና ወንበር ወደ ፊት የሚታጠፍ ነውና ለባለ አራት በሩ እንዳይሸጥላችሁ ተጠንቀቁ። «የተሳፋሪው ወንበር ብዙም አልተቀመጠበትም፣ እሱን እናዙረው» የሚልም አለ፤ መሰኪያውና እጀታው በተቃራኒ ጎን ስለሚሆኑ፣ ሃዲዱም ስለሚለይ አያዋጣም። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ። ያገለገሉ ዕቃዎች ንግድን የሚገዛው የ2009 ሕግ ነጋዴው የሸጠውንና የገዛውን እንዲመዘግብ ያስገድደዋል። የተሰረቀ ዕቃ በእጁ ተገኝቶ ከፖሊስ ጋር መነጋገር ለስደተኛ አይመከርም።

የግድ ብየዳ ከሆነ ደግሞ ወንበሩ ከመኪናው ወጥቶ ይበየድ። ውስጥ እንዳለ ሲበየድ ምንጣፉም፣ ስፖንጁም፣ የቤንዚኑ መስመርም ቅርብ ናቸው። አዲስ መኪና ያላችሁ፣ ከወንበሩ ሥር ቢጫ መሰኪያ ካያችሁ የኤርባግ ሽቦ ሊሆን ስለሚችል የሚያውቅ ሰው ካልሆነ አይንካው።

«ይህ ሁሉ ወጪ!» ትሉኝ ይሆናል። የሌላኛውን ወጪ ደግሞ እናስላ። እዚህ አገር ከምንቀዳው እያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን ላይ ለመንገድ አደጋ ፈንድ ይቆረጣል። ፈንዱ ግን የሚከፍለው የሌላ ሾፌር ጥፋት ላለበት አደጋ ነው። ወንበሩ ተንሸራቶበት ብቻውን ከግንብ ጋር የተላተመ ሾፌር ጥፋቱ የራሱ ስለሆነ ለራሱ ጉዳት የሚጠይቀው ካሣ የለውም። ኢንሹራንስ ያለውም ቢሆን መኪናዋ ለመንገድ ብቁ አልነበረችም ከተባለ ኩባንያው እጁን ሊሰበስብ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በየቤቱ የሚዞረው የመዋጮ ወረቀት ነው። ያንን ወረቀት ስንት ጊዜ ፈርመናል?

ነገሩ የሰነፍነት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የጥገኝነት ጠያቂነት ወረቀታችን በሦስት ወር፣ በስድስት ወር የሚታደስ ነው። ስድስት ወር የተፈቀደለት ሰው ለአሥር ዓመት የሚሆን ወንበር አይገዛም። ዛሬ ካናዳ፣ ነገ አውስትራሊያ፣ ከነገ ወዲያ አገር ቤት እያለ ፍራሹን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ልብሱን ከሻንጣ ሳያወጣ፣ ወንበሩን በጡብ ደግፎ ይኖራል። አንዳንዶቻችን እንዲሁ እንዳለን እዚህ የወለድናቸው ልጆች ለዩኒቨርሲቲ ደርሰዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ለኛ የተተረተ ይመስለኛል።

ወረቀቱ ይታደሳል። አከርካሪ አይታደስም። አገር ቤት ለመግባትም ሆነ ካናዳ ለመሻገር መጀመሪያ ከፖሎክዋኔ በሰላም መመለስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሳይቃጠል በቅጠል። ያንን ጡብ ከወንበሩ ሥር አውጡትና ጎረቤት ግንብ የሚሠራ ካለ ስጡት።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን። ቸር ሰንብቱ።