«አልሠራም» ብሎ ማለፍ ይብቃ!

በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ፣ ስለ ኳስ ሜዳውና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ የምንጽፈው መዳፍ ስለምታህል አንዲት ካርድ ነው። «ለዚህች ደግሞ ምን ዓምድ ያስፈልጋታል?» የሚል አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ያንብብና ይፍረድ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በኮምፒዩተር ክፍላችን ጥግ ላይ በእርዳታ የመጣ አንድ አሮጌ ማኪንቶሽ አለ። ፓወር ማክ ጂ-4 ይባላል፤ ይህ ዓይነቱ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2004 ሲሸጥ የነበረ ነው። አብዛኞቻችን የለመድነው ዊንዶውስ ስለሆነ ማንም አይነካውም፤ «የፈረንጅ ሣጥን» የሚል ስም ወጥቶለታል። በሆዱ የያዘው ግን ሀብት ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩ መምህራንና እጩ መምህራን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ያዘጋጇቸው የአማርኛ መልመጃዎች፣ የፊደል ካርዶችና የትምህርት ዕቅዶች እዚያ ውስጥ ተቀምጠዋል። የተጻፉትም በድሮ የፊደል ፕሮግራም ነው። ፊደላችን በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን በየራሱ ቁጥር ነበር የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ያንን ጽሑፍ ያለዚያ ፊደል ሌላ ማሽን ላይ ቢከፍቱት የሚወጣው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ማሽኑ ይቆይ ያልነው ለጌጥ አልነበረም።

ባለፈው መንፈቅ ዓመት ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። እኛ አምስት እጩዎች ከአንድ መምህራችን ጋር ሆነን «አዲስ ዲስክ እንግጠምለት» አልን። ዛሬ በገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ሳታ የሚባለው ዲስክ ነው፤ የማሽኑ መሰኪያ ግን የድሮው ባለ 40 እግር አይዲኢ ነው። ገንዘብ አዋጣንና ከሰበታ በዓለም ገና፣ በአየር ጤና አድርገን መርካቶ ወረድን። ሳታ ዲስክ የሚቀበል የመቆጣጠሪያ ካርድ ገዝተን ተመለስን። ሻጩ በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ሞክሮ አሳይቶናል፤ ይሠራል። ማኪንቶሹ ላይ ስንሰካው ግን ዲስክ የሚባል ነገር የለም አለን።

የሚያሳፍረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አንዱ «ካርዱ ሞቷል» አለ፤ ሌላው «ማሽኑ አርጅቷል፣ ይጣል» አለ፤ ሦስተኛው ያልበደለውን ሻጭ ሌባ አደረገው። ኬብል ቀየርን፣ ቀዳዳ ቀየርን፣ ዲስክ ቀየርን፤ አንዳንዴም ሦስቱን ባንድ ጊዜ ቀየርን። ማን ምን እንደሞከረ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም። ሰኞ የመጣው የሞከረውን ሐሙስ የመጣው እንደ አዲስ ይደግመዋል። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ሄደ።

በመጨረሻ መምህራችን አንድ ደብተር ይዘው መጡና «እስቲ እንደ በሽተኛ እንመርምረው» አሉን። አራት ጥያቄ ጻፍን።

አንደኛ፣ ካርዱ ለቀዳዳው ይስማማል ወይ? ፒሲአይ በሚባለው ካርድ ጫፍ ላይ ያሉት ቁርጦች የ5 ቮልትና የ3.3 ቮልት መለያዎች ናቸው። የእኛው ሁለቱም ቁርጥ አለው፤ ይስማማል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ካርዱን ያየዋል ወይ? የማሽኑን ዝርዝር ከፈትን፤ ካርዱ ተመዝግቧል። እንግዲህ «ሞቷል» ያልነው ካርድ በሕይወት አለ።

ሦስተኛ፣ ይግባባሉ ወይ? ነገሩ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ካርድ በላዩ ላይ ትንሽ የማስነሻ ፕሮግራም የያዘ ቺፕ አለው። የእኛ ካርድ ፕሮግራም የተጻፈው ባዮስ ለሚባለው፣ ለተለመደው ኮምፒዩተር ማስነሻ ነው። የዚያ ዘመን ማኪንቶሽ ግን የሚነሳው ኦፕን ፈርምዌር በሚባል በሌላ ሥርዓት ነው፤ ካርዱ በዚያው ቋንቋ እንዲናገረው ይጠብቃል። ካርዱ ደህና ነው፤ ማሽኑም ደህና ነው፤ አልተግባቡም እንጂ። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ መምህር፣ ኦሮምኛ ብቻ በሚሰማ ልጅ ፊት ቆሞ «ይህ ልጅ አይገባውም» ቢል ምን እንለዋለን? እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

አራተኛ፣ ሌላ መንገድ አለ ወይ? የአንዳንድ ካርዶችን ቺፕ በማኪንቶሽ ፕሮግራም እንደገና መጻፍ ይቻላል። ነገር ግን ቺፑ ዓይነቱና መጠኑ መስማማት አለበት፤ በመሐል መብራት ከጠፋ ደግሞ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። በእኛ አካባቢ መብራት ላይ መወራረድ ስላልፈለግን ተውነው። በምትኩ ሳታውን ወደ አይዲኢ የሚለውጥ ትንሽ ማገናኛ ገዛን። ማሽኑ የሚያየው ተራ አይዲኢ ዲስክ ስለሆነ የተለየ ፕሮግራም አይጠይቅም። እዚህም ላይ ግን ወጥመድ አለ። የቀደሙት ጂ-4ዎች የዲስክ አድራሻ የሚቆጥሩት በ28 ቢት ነው። 2 ሲባዛ 28 ጊዜ በራሱ 268,435,456 ክፍል ይሆናል፤ እያንዳንዱ 512 ባይት ነውና በጠቅላላው 137,438,953,472 ባይት። ከዚያ በላይ ያለውን አያዩም። ስለዚህ 120 ጊጋባይት የሆነ ዲስክ መረጥን። በዚያው ምሽት ሠራ!

ታዲያ ሥራው ከተሳካ ለምን እንጽፋለን? እኛ ስንጨቃጨቅ አሮጌው ዲስክ በየቀኑ ሲበራና ሲጠፋ ስለከረመ ነው። በመጨረሻ ነቅለን ሊኑክስ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ሰካነውና የተጎዳውን እየዘለለ ደህናውን አስቀድሞ በሚቀዳ ፕሮግራም ልንገለብጠው ስንሞክር፣ ከፊሉ አልነበብም አለ። የፊደል ካርዶቹ ከነፊደላቸው ዳኑ። ከትምህርት ዕቅዶቹ ብዙዎቹ ጠፉ። ስንት ሰው ስንት ሌሊት ያመሸበት ሥራ ነበር። ያጠፋው ካርዱ አይደለም፤ እኛ ነን። ይህን እንደ ግለ ሂስ ቁጠሩልን።

ከዚህ ተነስተን ሦስት ነገር እንላለን።

አንደኛ፣ ማንኛውም ማሽን ሲታመም ከምርመራው በፊት በውስጡ ያለው ይቀዳ። ዲስክ ይገዛል፤ የሰው ድካም ግን አይገዛም። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፤ የተሞከረውና ውጤቱ በመዝገብ ይጻፍ። «አልሠራም» የሚለው ቃል ብቻውን መዝገብ ላይ አይግባ፤ ምን ታየ፣ ምን አልታየም ይባል። ሦስተኛ፣ የእርዳታ ዕቃ ሲመጣ ዓይነቱ፣ መሰኪያውና መለዋወጫው ተጠይቆ በዝርዝር ይያዝ። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጀመር ተስፋው ትልቅ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን በየክፍሉ ዝም ብለው የተሰቀሉ ስክሪኖች አይተናል። ዕቃ ያለ ጠጋኝና ያለ መለዋወጫ ሲመጣ መጨረሻው ይኸው ነው።

«እኛ መምህራን እንጂ ቴክኒሻኖች አይደለንም» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እውነት ነው። ነገር ግን ነገ የምንመደብበት ገጠር ቴክኒሻን የለም። ደግሞስ ይህ የማሽን ነገር ብቻ ነው? አንድ ልጅ 32 ሲቀነስ 17፣ 25 ነው ብሎ ቢጽፍ «ሒሳብ አይችልም» ብለን እንለፈው? ልጁ ከ7 ላይ 2 ቀንሷል፤ ሁልጊዜ ከትልቁ ትንሹን መቀነስ ነው የመሰለው። የሳተው አንዲት እርምጃ ናት፤ እሷን ያገኘ መምህር ልጁን አገኘው። ያላገኘው ግን እንደዚያ ካርድ «ሞቷል» ብሎ ይጥለዋል።

አበው በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ደብተሩ አሁን ከማሽኑ አጠገብ በምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። የመጀመሪያውን ገጽ እኛ ጥፋታችንን ጽፈንበታል፤ ሁለተኛው ገጽ ባዶ ነው። የሚቀጥለው ሞካሪ ይጻፍበት።

መጀመሪያ እንቅዳ፣ ቀጥሎ እንመርምር፣ ሁሉንም እንመዝግብ!