ለተማሪ ቤት የምታከራዩ ወላጆች ሆይ

በየዓመቱ ከካርቲየ 7 ቢስ ተነሥተው አዲስ አበባ ለትምህርት የሚገቡ ልጆች አሉን። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የደረሰው አብዛኛውን ጊዜ ዶርም ያገኛል፤ የግል ኮሌጅ የገባው ግን ደላላ እጅ ላይ ይወድቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን የ18 ዓመት ልጅ ብቻውን ቆሞ አከራዩን «ውሉን እናስመዝግብ» ለማለት ይፈራል፤ ክፍሉን ቢከለክሉትስ?

በእንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ፣ ዩኒፖል የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ደንብ አውጥቶ፣ በፈቃዳቸው የፈረሙ አከራዮችን ለተማሪዎች ያሳውቃል። እኛም በአቅማችን እንጀምር እንላለን። አዲስ አበባ ቤት ያላችሁ ወላጆች ጥቂት አይደላችሁም። የተመዘገበ ውል፣ የሚቆለፍ በር፣ ውሃና መብራት፣ ሳያንኳኩ አለመግባት (ይህ በተለይ ለሴት ልጆቻችን)፤ በዚህ የፈረመ አከራይ ስሙ በትምህርት ቤቱ ዝርዝር ይግባ፣ ቃሉን ያፈረሰም ይሰረዝ።

«ክፉ አከራይ መች ይፈርማል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ዝርዝሩ እሱን አያርመውም። ልጃችን ግን አዲስ አበባ ሲገባ ከደላላው በፊት ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ክረምቱ ሳይወጣ ጽሕፈት ቤታችን መጥታችሁ ተመዝገቡ።