ከቡድን ጋር አርባ ምንጭን በእግር

ከአዲስ አበባ በቡድን የሚመጡ አያቶችን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ከተማችን የምትጥመው በእግር ስትታይ ነው። ከሴቻ ወደ ሲቀላ ያለው ቁልቁለት ግን ጉልበት ይፈትናል። ከወጣቶቹ ጋር አይሽቀዳደሙ፤ ምርኩዝ አያሳፍርም። በማለዳ ይውጡ፣ ውሃ ይያዙ። ኩልፎ ዳር የልጅ ልጅዎን እጅ አይልቀቁ፤ የጋሞ ደጋ ሲዘንብ ወንዙ ሳይታሰብ ይሞላል።

እንደ ነርስ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከጉዞው በኋላ ያለው ነው። አገሩ ወባ አለበት፤ አጎበር ውስጥ ይተኙ። ወባ ትንኟ ከነከሰች ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው የምትነሳው። ያኔ ጉብኝቱ ተረስቷል! ቤትዎ ገብተው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ቢልዎ፣ ጉንፋን ነው ብለው ዳማከሴ ጠጥተው አይተኙ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው ደም ይመርመሩ፤ ሳይጠየቁም «አርባ ምንጭ ነበርኩ» ይበሉ።