ንባብ ቤት የቀሩ ልጆች፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንብቦ መረዳት ትኩረት እንዲሰጠው ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር አገሩ ሁሉ ይደነግጣል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መሥሪያ ቤትዎ ውጤቱን ሳይሸፋፍን መናገሩ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን የችግሩ ሥር ያለው በታችኞቹ ክፍሎች ነው።

በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም ያልመለሱት ደግሞ 48 በመቶ ነበሩ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉትን ልጆች ልብ ይበሉልኝ፤ ቃል ያነባሉ፣ ምን እንዳነበቡ ግን አያውቁም። ከዚያ ወዲህ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የቋንቋ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል። ያም ሆኖ በዓለም ባንክ ግምት 10 ዓመት ከሞላቸው ልጆቻችን 90 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም።

የቤተ ክህነት ሊቃውንት ማንበብና መረዳት ለየቅል መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ፊደል የቆጠረ ልጅ ንባብ ቤት ገብቶ ዳዊት ይደግማል፤ ግዕዙ ግን ገና አይገባውም። ምሥጢሩን የሚያገኘው ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት ሲዘልቅ ነው፤ ለትርጓሜው የራሱ ቤትና የራሱ መምህር አለው። ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ንባብ ቤቱን ወርሶ ትርጓሜ ቤቱን ትቶታል።

በአማርኛማ ሳይረዱ በትክክል ማንበብም አይቻልም። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ልጁ ይመታል» የሚለውን ያየ ተማሪ ልጁ መቺ ይሁን ተመቺ የሚለየው የዙሪያውን ሐሳብ ከተከተለ ብቻ ነው። በደቂቃ ስንት ቃል ተነበበ ብሎ የሚቆጥር ምዘና ይህን አያይም።

ስለዚህ አራት ነገሮችን እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ የመማሪያ መጻሕፍት ጥያቄዎች ይፈተሹ። ምንባቡ «አልማዝ ጃንጥላዋን ረስታ ወጣች። ትምህርት ቤት ስትደርስ ደብተሯ ረጥቦ ነበር» ይላል እንበል። «አልማዝ ምን ረሳች?» የሚለውን ልጁ ቃል ከቃል አጋጥሞ፣ ምንም ሳይገባው ይመልሰዋል። «ደብተሯ ለምን ረጠበ?» ሲባል ግን ዝናብ የሚል ቃል የትም የለምና ማሰብ ይኖርበታል። «እንዴት አወቅህ?» የሚል ጥያቄ ሲከተል ደግሞ አስተሳሰቡ ለክፍሉ ሁሉ ይገለጣል። የመጀመሪያ ደረጃ መጻሕፍትን ክልሎች ቢያዘጋጁም የሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፉን የሚያወጣው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው።

ሁለተኛ፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል መምህሩ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ጮክ ብሎ ያንብብላቸው፤ ተረት ብቻ ሳይሆን ስለ እንስሳት፣ ስለ ወንዞችና ስለ ቀደምት ሰዎች የተጻፈም ጭምር። ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳስረዱት፣ አንብቦ መረዳት ፊደሉን ወደ ቃል የመለወጥና ቋንቋውን የመረዳት ችሎታዎች ብዜት ነው፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። ልጅ ሰምቶ የማያውቀውን ቃል ፊደሉን ቆጥሮ ቢያነበው ባዶ ድምፅ ይሆንበታል። ጮክ ብሎ ማንበቡ ለክፍሉ አንድ መጽሐፍ ብቻ ቢኖርም ይሠራል። መምህሩ ግን የት ቆም ብሎ ምን እንደሚጠይቅ በመምህራን ኮሌጅ ሳለ ሊለማመደው ይገባል።

ሦስተኛ፣ የንባብ ምዘናዎች ከፍጥነት እኩል መረዳትን ይመዝኑ፤ ልጁ ያነበበውን በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲናገር ይጠየቅ። መምህር የሚያስተምረው የሚመዘነውን ነውና።

አራተኛ፣ በቁም ሳጥን የተቆለፉ መጻሕፍት ይከፈቱ። ብዙ መምህራን መጽሐፍ ቢቀደድ ከደመወዛችን ይቆረጣል ብለው ስለሚሰጉ ለልጆች አያውሱም። በልጆች እጅ ያረጀ መጽሐፍ አገልግሎት እንደሰጠ እንጂ እንደ ጠፋ ንብረት እንዳይቆጠር የሚያደርግ አንድ መመሪያ ይህን ስጋት ያነሳል።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ከመስመሮች መካከል ማንበብን ያልለመደ ተማሪ በሌላ ቋንቋ ከየት ያመጣዋል? የ12ኛ ክፍል ፈተናን በጥብቅ መጠበቅ ኩረጃን ይከላከላል፤ መረዳትን ግን አያስተምርም።

ከጥያቄዎቼ አብዛኞቹ አዲስ ሕንፃም ሆነ ውድ መሣሪያ አይሹም፤ የተቆለፉት መጻሕፍት ጉዳይማ በመመሪያ ብቻ የሚፈታ ነው። ከሚቀጥለው መስከረም በፊት የትኞቹ ተግባራዊ እንደሚሆኑ፣ የማይሆኑትም ለምን እንደማይሆኑ ለወላጆችና ለመምህራን በይፋ እንዲገልጹልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቋንቋ መምህር